ስድስትና ስምንት የጠፉበት ሰዓት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከእኔ በፊት የተናገሩት ባልደረቦቼ ስለ ታላላቅ ጣቢያዎችና ስለ ረጃጅም የማስተላለፊያ መስመሮች ሰፊ ማብራሪያ ሰጥተውናል። እኔ ዛሬ በፊታችሁ የማቀርበው ጉዳይ ግን ከአንድ ደብተር በማይበልጥ የእንጨት ሣጥን ውስጥ የሚጠቃለል ነው፤ ይኸውም በተማሪነቴ ዘመን በገዛ እጄ የገጣጠምኩትና ባለፈው ዓመት የተበላሸው የኤሌክትሮኒክ ሰዓት ነው። ሰዓቱ ፈጽሞ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ንግግር ለማዘጋጀት ምክንያት ባልኖረኝ ነበር። ለዚህ ያበቃኝ፣ ሰዓቱ ሳይጠፋ፣ ብርሃኑም ሳይደበዝዝ፣ ሐሰት የሆነ ነገር ግን ሊታመን የሚችል ቁጥር ማሳየቱ ነው።

ሰዓቱና ቦታው

ብዙዎቻችሁ ሰኮሩን የምታውቋት በግልገል ጊቤ ነው። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የቁጥር 1 ጣቢያ የሚገኘው በዚሁ አካባቢ ነው። ከእርሱ የሚወጣው ውኃ 26 ኪሎ ሜትር ያህል በዋሻ ተጉዞ፣ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውን ባለ 420 ሜጋ ዋት የቁጥር 2 ጣቢያ እንደሚያንቀሳቅስ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል።

እኔ ግን ሰኮሩን የማውቃት ተወልጄ ያደግኩባት ከተማ በመሆኗ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ጅማ ለመድረስ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር፣ ከአስፋልቱ ዳር እናቴ ሻይ ቤት አላት። ቡና የጫኑ መኪናዎች ሾፌሮች፣ ለገበያ የወጡ ገበሬዎችና ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች የሚያርፉባት ጠባብ ቤት ናት። የዩኒቨርሲቲ የ4ኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለዚህች ቤት የሚሆን ሰዓት ለመሥራት አሰብኩ።

የገዛሁት ክፍሎቹ ተነጣጥለው በከረጢት ከሚሸጡት የመገጣጠሚያ ዕቃዎች አንዱን ነበር። ልማዱ አዲስ አይደለም፤ በአሜሪካ ሂዝኪት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት የዲጂታል ሰዓት መገጣጠሚያ ዕቃ ለየቤቱ ይሸጥ ነበር። የእኔው ሰዓት ልቡ ኤ.ቲ. 89 ሲ 2051 የሚባል ባለ 20 እግር ማይክሮኮንትሮለር ሲሆን፣ ጊዜውን የሚቆጥረው በ12 ሜጋ ኸርዝ ክሪስታል ነው። ማሳያው እያንዳንዳቸው 10 እግር ያላቸው፣ ቀይ ብርሃን የሚሰጡ አራት የቁጥር ማሳያዎች ናቸው፤ ሁለቱ ለሰዓት፣ ሁለቱ ለደቂቃ።

ከዕቃው ጋር የመጣው ፕሮግራም ከ0 እስከ 23 የሚቆጥር ነበር። እኔም በእኛ አቆጣጠር ሞልቼ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ያን ዕለት ማታ እናቴ ትክ ብላ አየችውና፣ «13 ሰዓት የሚባል ሰዓት ደግሞ ከወዴት መጣ?» አለችኝ። እውነትዋን ነበር፤ ቀኑም ሌሊቱም 12፣ 12 ሰዓት በሆነበት አገር 13 ሰዓት የለም። ስለዚህ ፕሮግራሙን በ12 እንዲቆጥር አድርጌ እንደገና ጻፍኩት፤ ሌሊቱን ከቀኑ ለመለየትም በማዕዘኑ ላይ አንዲት ነጥብ እንድትበራ አደረግኩ። ከዚያ ወዲያ ሰዓቱ የቤቱ ሆነ። ከ10 ዓመት በላይም ያለ እንከን ሠራ።

የሆነው ነገር

ባለፈው ዓመት በቡና ለቀማ ወቅት፣ ከከተማው የሁለት ሰዓት መንገድ ርቀው የሚኖሩ አንድ አባወራ ወደ እናቴ ሻይ ቤት መጡ። ሴት ልጃቸው ጅማ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ የሚያስታምማት ሰው ስላልነበራት እርሳቸው ሄደው አጠገብዋ ሊሆኑ ነው። ከወልቂጤ በኩል የሚመጣ የዘመድ የጭነት መኪና በ8 ሰዓት ተኩል ከአስፋልቱ ዳር ሊያነሣቸው ተቀጣጥረዋል። ስልካቸው ባትሪው አልቆ ዝም ብሏል። እርሳቸው ሲደርሱ በእውነቱ 8 ሰዓት ከ10 ነበር። ቀና ብለው ግድግዳውን ሲያዩ ሰዓቱ 9 ከ10 ይላል። «መኪናው ሄዷል» ብለው ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሁሉ ፀሐይን አይተው ጊዜን የገመቱ ናቸው። በዚያን ዕለትም ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ይሁን እንጂ በቀይ ብርሃን የተጻፈውን ቁጥር ከፀሐይዋ አስበልጠው አመኑት። መኪናው በሰዓቱ ደርሶ፣ ጥሩምባ ነፍቶ፣ ጠብቆም ሄደ። እርሳቸው ጅማ የደረሱት በማግስቱ ነው። ልጂቱ ከጥቂት ቀናት በኋላ ድና ተመለሰች፤ ያችን ሌሊት ግን ያለ አስታማሚ አደረች።

እናቴ ነገሩን በሰማች ጊዜ ደወለችልኝ። «ልጄ፣ ሰዓትህ ዋሽቷል» አለችኝ። እኔም ሳላስተውል «ጠፋ እንዴ?» ብዬ ጠየቅኩ። «ቢጠፋማ ምን ነበረበት! የጠፋ ሰዓት ማን ያምናል?» አለች። ከዚህ የበለጠ ስለ ብልሽት የተነገረኝ ትምህርት የለም።

የእኔ ስሕተት

በቅዳሜው መሣሪያዬን ይዤ ሰኮሩ ወረድኩ። ከመንገድ ስወጣ ጀምሮ ፍርዴን ሰጥቼ ነበር። ሰዓቱ ደቂቃውን ሳያፋልስ አንድ ሙሉ ሰዓት ዘልሏል ከተባለ፣ ጥፋቱ የአቆጣጠር ነው አልኩ። ከክሪስታሉ ሊሆን እንደማይችል ግልጽ ነበር፤ በ1 ሚሊዮን 20 ያህል የሚሳሳት ተራ ክሪስታል በቀን የሚያዛንፈው ከ2 ሴኮንድ በታች ነውና። ስለዚህ «ፕሮግራሙ ተቃውሷል» አልኩና ያንኑ ፕሮግራም እንደገና ጫንኩት። ማታ ልክ ነበር፤ እሑድ ጠዋትም ልክ ነበር፤ ደስም አለኝ። እሑድ ቀን 8 ሰዓት ላይ ግን 9 አለ።

ቀጥሎ የኃይል ምንጩን ጠረጠርኩ። የቮልቴጅ መዋዠቅ ማይክሮኮንትሮለሩን አውኮት ይሆናል በማለት የ5 ቮልቱን መመገቢያ በአዲስ ለወጥኩ፤ ካፓሲተርም ጨመርኩ። ሰኞ ቀንም ያው ሆነ። ሁለት ቀን ሙሉ የሠራሁት ሥራ ጥፋቱን መፈለግ ሳይሆን አስቀድሜ የፈረድኩበትን ተከሳሽ መቅጣት ነበር።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ተስፋ ቆርጬ ተቀምጬ ሳለሁ፣ በሻይ ቤቱ የምታገለግለው ልጅ ሻይ አምጥታልኝ፣ «ጋሼ፣ እኔ ለምጄዋለሁ። ቀን ቀን ሰዓቱ 5ን ሁለት ጊዜ ይላል፤ 9ንም ሁለት ጊዜ ይላል። 6 እና 8 የሉትም። 10 ሲሆን ደግሞ የዜሮው የግራ ጎን ከታች ይጎድላል» አለችኝ። «ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት። «እንደዚያ የተሠራ መስሎኝ ነው» አለች።

ከዚህ በኋላ መሣሪያ የሚያስፈልገኝ ለመጠገን እንጂ ጥፋቱን ለማግኘት አልነበረም።

ሰባቱ ሰረዞች

ቁጥርን በሰባት ሰረዝ የመጻፍ ሐሳብ ከኤሌክትሮኒክስ በፊት የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ኒክ ሆሎንያክ በዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጠውን ዳዮድ ከሠራ በኋላ ግን በየቤቱ ገባ። ሰረዞቹን ታውቋቸዋላችሁ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከመሐል፣ አንዱ ከታች ይጋደማሉ፤ ሁለቱ በግራ፣ ሁለቱ በቀኝ ይቆማሉ። 8 ሰባቱንም ይጠቀማል።

አሁን የግራውን የታችኛ ሰረዝ አጥፉት። 8 ወደ 9 ይለወጣል፤ 6 ደግሞ ወደ 5። 1፣ 3፣ 4፣ 5፣ 7 እና 9 መጀመሪያውኑ ያን ሰረዝ ስለማይጠቀሙበት ምንም አይነካቸውም። 0 እና 2 ብቻ ጎዶሎ ሆነው ይታያሉ። የልጂቱ ቃል ከዚህ ጋር አንድ በአንድ ይገጥማል። የ2 ሰዓቱ ጉድለት ያልታየው ጠዋት ቤቱ ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው፤ ብልሽቱ የሚመጣው ከሰዓቱ ሥር ያለው ምድጃ ሲነድ ቆይቶ ግድግዳው ከሞቀ በኋላ ነበር።

ነገሩን ጠለቅ ብዬ ስመረምረው አንድ ሰረዝ ብቻ በመጥፋቱ አንዱ ቁጥር ሌላ ትክክለኛ ቁጥር የሚመስልባቸው ሰባት መንገዶች አገኘሁ፤ 6 ወደ 5፣ 7 ወደ 1፣ 8 ወደ 0፣ ወደ 6 ወይም ወደ 9፣ 9 ደግሞ ወደ 3 ወይም ወደ 5። ይህ 6 እና 9 ጭራቸው ሙሉ ሆኖ ሲጻፉ ነው። ሰባት ሰረዞች 128 ዓይነት ቅርጽ ሊሰጡ ሲችሉ እኛ የምንጠቀመው በ10ሩ ብቻ ነው፤ ይሁንና ከ10ሩ አንዳንዶቹ እጅግ ተቀራርበው ተቀምጠዋል። ሁለት ሰረዞች ብቻ፣ ማለትም የታችኛው አግዳሚና የቀኙ የታችኛ ቋሚ፣ ለብቻቸው ቢጠፉ አንዱን ቁጥር ሌላ ሊያስመስሉ አይችሉም። የቀሩት አምስቱ ሁሉ ሊያሳስቱ ይችላሉ።

ማሳያው የሚናገረውን ማንበብ

አራቱ ማሳያዎች የሚበሩት በአንድ ጊዜ አይደለም። ማይክሮኮንትሮለሩ በየተራ እያበራ እጅግ ፈጥኖ ስለሚዞር ለዓይናችን ሁሉም የበሩ ይመስላሉ። የሰረዞቹ መስመሮች ለአራቱም ማሳያዎች የጋራ ናቸው፤ እያንዳንዱ ማሳያ ደግሞ የራሱ ማብሪያ ትራንዚስተር አለው። ስለዚህ ብልሽትን የምንፈልገው ገበሬ እርሻውን በፈርና በእርከን እንደሚለየው፣ ሁለት መስመሮች የሚገናኙበትን ነጥብ በማየት ነው።

አንድ ማሳያ በሙሉ ከጨለመ የዚያን ማሳያ ትራንዚስተር መርምሩ። ያው ሰረዝ በአራቱም ማሳያዎች ከጠፋ የጋራውን መስመር፣ ሬዚስተሩንና የማይክሮኮንትሮለሩን እግር ተመልከቱ። በዚህ በጠቀስኩት ዓይነት ማይክሮኮንትሮለር ላይ 12ኛውና 13ኛው እግር በውስጣቸው ወደ ላይ የሚስብ ሬዚስተር የላቸውም፤ ከውጭ ካልተሰጣቸው ከፍተኛውን ቮልቴጅ ማውጣት አይችሉም። ዕቃዎቹ ሁሉ ደኅና ሆነው ሁለት ሰረዞች ብቻ እምቢ ያሉበት ጀማሪ አስቀድሞ ይህን ይመልከት። ሁለት ሰረዞች ምንጊዜም አብረው የሚበሩ ከሆነ በመካከላቸው የፈሰሰ ብየዳ አለ። 1 ደምቆ 8 ከደበዘዘ፣ ሬዚስተሩ በየሰረዙ መስመር መግባት ሲገባው በጋራው እግር ላይ ገብቷል፤ አንዱ ሬዚስተር የሚያሳልፈው ጅረት ለሁለት ሰረዝና ለሰባት ሰረዝ ሲካፈል እኩል አይደርስምና። የአንዱ ቁጥር ጥላ በጎረቤቱ ላይ ከታየ፣ ቀዳሚው ማሳያ ሳይጠፋ ተከታዩ እየበራ ነው። አንድ ማሳያ ብቻ እጅግ ደምቆ የቀሩት ከጨለሙ ግን ዙሩ ቆሟል፤ ሳይቃጠል ኃይሉን ቶሎ ንቀሉ።

ከዚህ ሁሉ ውጪ የሆነው የእኔው ነው፤ በአንድ ማሳያ ላይ አንድ ሰረዝ። የደቂቃዎቹ 6 እና 8 ሁልጊዜ ሙሉ ነበሩ። እንግዲያስ የጋራው መስመር ደኅና ነው፤ ሬዚስተሩ ደኅና ነው፤ ማይክሮኮንትሮለሩም ደኅና ነው። በሰዓቱ የአንድ ቤት የቀሩት ስድስት ሰረዞች ስለሚበሩ ትራንዚስተሩም ደኅና ነው። ሁለት ቀን የቀጣሁት ፕሮግራም 8 ብሎ በትክክል ቆጥሯል፤ 8 ብሎም ልኳል። የቀረው የዚያ ሰረዝ ዳዮድ ወይም የእግሩ ብየዳ ብቻ ነው።

ሣጥኑን ከፍቼ ሰዓቱን 8 ላይ አድርጌ ከከሰል ምድጃው ራቅ አድርጌ አሞቅኩት። ሰረዙ ጠፋ። በደረቅ ስንጥር የእግሩን ብየዳ ቀስ ብዬ ስጫነው በራ፤ ስለቅቀው ጠፋ። ኃይሉን ነቅዬ በቴስተር ዳዮዱን ስለካው 1.8 ቮልት ያህል አሳየኝ፤ ለቀይ ዳዮድ የሚገባው ነው። በማጉያ መነጽር ስመለከት በእግሩ ዙሪያ ከፀጉር የቀጠነ ክብ ስንጥቅ አየሁ። ይህ ቀዝቃዛ ብየዳ የምንለው ነው፤ ብየዳው ቀልጦ እግሩ ላይ ተቀመጠ እንጂ ከብረቱ ጋር አልተዋሐደም። በየቀኑ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ፣ ሲለጠጥና ሲኮማተር ዓመታት ቆይቶ በመጨረሻ ተላቀቀ። አሮጌውን ብየዳ አንሥቼ፣ እግሩን አጽድቼ፣ በሚገባ አሙቄ በየድኩት። ሥራው ከ5 ደቂቃ አልበለጠም።

ብየዳው የማን እንደ ሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። በዚያን ጊዜ ሰዓቱን የገጣጠምኩት በአንድ የክረምት ሌሊት፣ ከዝናብና ከነጎድጓድ ጋር ነበር። ጥቂት ነጥቦች ሲቀሩኝ መብራት ጠፋ። እኔም ለመጨረስ ከነበረኝ ጥድፊያ የተነሣ፣ በሻማ ብርሃን፣ እየቀዘቀዘ በሚሄደው መበየጃ የመጨረሻዎቹን ነጥቦች ነካክቼ ተኛሁ። ጠዋት መብራት ሲመጣ ሁሉም ስለበራ ተመልሼ አላየኋቸውም። «በርቷልና ደኅና ነው» ያልኩት የእኔ ቃል፣ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ አንድ አባት ከመንገድ መለሰ።

ከጥገናው በኋላ

ጥገናው ብቻውን በቂ ሆኖ አልታየኝም። ነገ ሌላ ሰረዝ ቢጠፋ ሰዓቱ እንደገና በሙሉ ልብ ይዋሻል። ስለዚህ በየሰዓቱ መጀመሪያ ላይ አራቱም ማሳያዎች ለ3 ሴኮንድ 88፡88 እንዲያሳዩ በፕሮግራሙ ላይ ጨመርኩ። ዘዴው የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ 7447 በሚባለው አሮጌ የማሳያ ነጂ ላይ ሁሉንም ሰረዝ አብርቶ የሚፈትን አንድ እግር ለዚሁ ተመድቦለታል። የእኔ ድርሻ ፈተናውን ከመሐንዲሱ ጠረጴዛ አውጥቶ ለእናቴና ለልጂቱ መስጠት ነው። «ስምንቶቹ ካልሞሉ ሰዓቱን በጨርቅ ሸፍኑት» አልኳቸው። አሁን እናቴ በየሰዓቱ ቀና ትልና ስምንቶቿን ትቆጥራለች።

በማግስቱ ከእናቴ ጋር ወደ እኚያ አባወራ ቤት ሄድን። ጥፋቱ የሰዓቱ ሳይሆን የእኔ እንደ ሆነ፣ መብራት በጠፋበት ሌሊት የሠራሁትን ጭምር ሳልሸሽግ ነገርኳቸው። ጸጥ ብለው ሰሙኝና፣ «አሁን ልክ ይናገራል?» አሉኝ። «ልክ ካልሆነ ይሸፈናል» አልኳቸው። ይህ መልስ ደስ ያሰኛቸው ይመስለኛል፤ «እንግዲያስ ተቀመጡ፣ ቡና ይፈላል» አሉ። ቡናውን ያቀረበችልን ያችው ታምማ የነበረችው ልጅ ናት።

ክቡር ሊቀ መንበር፣

እኛ የዚህ ማኅበር አባላት የምንሠራቸው ማሳያዎች በሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ብቻ የሚቀሩ አይደሉም። ከእህል ሚዛን፣ ከነዳጅ መቅጃ፣ ከሆስፒታል መለኪያና ከጣቢያ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ላይ ያሉት ቁጥሮችም በእነዚሁ በሰባቱ ሰረዞች የሚጻፉ ናቸው። በመሆኑም ሦስት ሐሳቦች አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከእጃችን የሚወጣ ማንኛውም የቁጥር ማሳያ ሁሉንም ሰረዝ አብርቶ ራሱን የሚፈትንበት ጊዜ ይኑረው፤ ፈተናውንም ማንበብ የሚችለው ተጠቃሚው ይሁን። ሁለተኛ፣ ለጥገና ስንጠራ ቴስተር ከማውጣታችን በፊት ከዕቃው ጋር የሚውለውን ሰው ምን እንዳየ፣ በስንት ሰዓትና በምን ሁኔታ እንዳየ እንጠይቅ፤ ቃሉንም እንዳለ እንጻፍ። ሦስተኛ፣ ጽሕፈት ቤታችን አባላት የገዛ ራሳቸውን ስሕተት የሚያስመዘግቡበት አንድ መዝገብ ይክፈት። የመጀመሪያውን ገጽ ለመሙላት እኔ ፈቃደኛ ነኝ፤ የምጽፈውም ዛሬ የነገርኳችሁን ነው።